ያጠራቀመላት ብርሃን

ባሏ ካረፈ ወዲህ ቤቱ የሚበራው በሻማ ነው። ጣሪያው ላይ የሶላር ሰሌዳዎች ተደርድረው፣ ኮሪደሩ ውስጥ ያን የሚያህል ባትሪ ተቀምጦ፣ እሷ ጠዋት ጠዋት ከጠረጴዛው ላይ የሻማ ሰም በቢላ ትፍቃለች።

ልጇ መጀመሪያ ሐዘን ነው ብላ ዝም አለች። እናቷ ሻማ ይዛ ስትወርድ ደረጃው ላይ ለጥቂት ከመውደቅ ስትተርፍ ግን ትዕግሥቷ አለቀ።

«እማዬ፣ ተበላሽቶ ነው?»

«ምኑ?»

«መብራቱ ነዋ!»

«ምንም አልሆነም። አትንኪብኝ ብቻ።»

ሟቹ ልብስ ሰፊ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር የሰው ሱሪ አንድ እግሩ ሳይሰፋ እየቀረ ቢያስመርረው ነው ሶላሩን ያስገባው። የሰፈሩ ሰው «ባለፀሐዩ» እያለ ተሳለቀበት።

«ደመና ሲሆንስ? ጣሪያ ላይ ወጥተህ እፍ ልትልበት ነው?»

«የሚበላው ብርሃኑን እንጂ ሙቀቱን አይደለም። በደመናም ቢሆን የድርሻውን አያጣም» ይላቸዋል።

ሰፈሩ በጨለመ ጊዜ እነዚያው ጎረቤቶች ስልካቸውን ይዘው በሩ ላይ ይኮለኮላሉ። «እፍ በሉበት፣ ይሞላላችኋል!» ይልና ስቆ ይቀበላቸዋል።

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አልጋው ላይ እንዳለ፣ ባትሪውን አይታ እንድትነግረው ሚስቱን ጠየቃት። ሄዳ አየች። ሞልቷል አለችው።

«እንግዲያው አይዞሽ። አጠራቅሜልሻለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልወጣውም።

አምፖል ያላበራችው ለዚህ ነው። ባትሪው ውስጥ ያለው እሱ በሕይወት ሳለ የወጣችው ፀሐይ ናት። ካልነካችው አያልቅም። ያለቀ ዕለት ግን እሱም አብሮ የሚያልቅ ይመስላታል። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለልጇም ቢሆን።

ልጇ ሳታማክራት ባለሙያውን ጠራችው። ያኔ ሶላሩን የገጠመው ሰው ነው። ባትሪውን ከፍቶ አየ፣ በመሣሪያ ለካው፣ ደስ አለው።

«እናቴ፣ ይሄማ ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነው። ሌሊት ይጎድላል፣ ቀን መልሶ ይሞላል።»

«እንዴት ይጎድላል? አንድ አምፖል አላበራሁ!»

«ፍሪጁስ?»

ፍሪጁን አላሰበችውም። በሩ ውስጥ ባለው መደርደሪያ ላይ የባሏ የስኳር መርፌ መድኃኒት አለ። እንዳይበላሽ ብላ ነው ፍሪጁን ያልነቀለችው። ለማን እንዳይበላሽ እንደሆነ ግን ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

«ታዲያ…» ወደ ባትሪው ዞረች። «እሱ ባረፈ ዕለት የነበረውስ?»

ባለሙያው የጠየቀችው ነገር አልገባውም። «እሱማ ያኔውኑ አለቀ። ለቅሶ መጥቼ አልነበር? ግቢው በሙሉ እንደበራ ነው ያደረው። ጎተራ አይደለም እኮ እናቴ፤ የዛሬው ለዛሬ ማታ ነው።»

ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ አምፖል ትዝ አላት። አንዱ ግቢው ጨለመ ሲል የሰማችውም ትዝ አላት።

«አብሩላቸው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሰው እንዳይደናቀፍ ብዬ። እሱ ያጠራቀመልኝን።»

ልጇ አሁን ገባት። አጠገቧ ተንበርክካ እጇን ያዘች። «ለአባዬ ነው የበራው፣ እማዬ። ለእሱ ለቅሶ እንጂ ለሌላ አልዋለም።»

«እሱስ ልክ ነሽ። እኔ ግን አላየሁትም። ፊቴን ሸፍኜ ነው ያደርኩት።»

ባለሙያው መፍቻዎቹን ድምፅ ሳያሰማ ወደ ቦርሳው ከተተ። ውጪው መጨለም ጀምሯል። ልጇ ተነሥታ ማብሪያውን ስትጫነው ክፍሉ ወለል አለ። እናቷ ዓይኗን አጥብባ ቀና ብላ አየች።

«ይሄ የዛሬው ነው?»

«የዛሬው ነው፣ እማዬ።»

«እሱ ያላያት ፀሐይ» አለች። አጥፉት ግን አላለችም።