ሦስተኛው ጥሪ

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ያለውን ገደል ሆዱን ቀደው የድንጋይ ከሰል ያወጡበት ጀመር። ጀይላን ከማሽላው ማሳ ተጎትቶ እዚያ ከገባ ወዲህ እናቱ ሩቂያ እህል አልወርድ ብሏታል። ሰው እንዴት በእግሩ እየሄደ መቃብር ይገባል? የጉድጓዱን ጣራ የያዘው የግራር ምሰሶ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ልጁ ማታ ሲመጣ የሚተፋው ጥቁር ነው።

ከሁሉ የፈራችው ግን ጅኑን ነው።

«ከመሬት ሆድ ስምህን የሚጠራ ሁሉ ሰው አይምሰልህ» አለችው አንድ ማለዳ፣ ቆሎ በጨርቅ እየቋጠረችለት። «ጅን ከሁለቴ በላይ አይጠራም። ሦስተኛውን ሳትሰማ አቤት እንዳትል!»

«ጣሊያኑ ካቦ እንደሆነ ስሜን አያውቅም፤ ‹ሄይ› ነው የሚለኝ። ለ‹ሄይ›ም ልቁጠር?» ብሎ ሳቀባት።

«ሳቅ አንተ! ወላሂ በል።»

«ወላሂ፣ እማ። በይ ልቀቂኝ፣ ይገርፈኛል።»

ረፋዱ ላይ ሩቂያ ማማ ላይ ሆና ማሽላውን ከወፍ ስትጠብቅ፣ ከገደሉ ጥቁር ጭስ ቡልቅ ሲል አየች። ወንጭፏን ጥላ ሮጠች። ወንዙን እንዴት እንደተሻገረች እንጃላት።

ስትደርስ የጉድጓዱ አፍ በድንጋይና በጭቃ ተደፍኗል። የጀይላን የሥራ ጓደኛ ሷሊሕ፣ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ፣ አፈር ላይ ተቀምጧል።

«ጀይላንስ?»

«እትዬ ሩቂያ... ከሰሉ ተቀጣጠለ። ስንወጣ ጣራው ከኋላችን ወረደ፤ እሱ ከወዲያ ቀረ። ካቦው እሳቱ እንዲታፈን ‹ዝጉ› አለ። ሰው አለ ብለን እግሩ ላይ ወደቅን። በአስተርጓሚ ‹ጥሩት፤ ካልመለሰ ሞቷል› አለን። እኔው ነኝ በስሙ የጠራሁት።»

«ስንቴ?»

ሷሊሕ ግራ ገብቶት ቀና አለ። «ሁለቴ። ከዚያ ጭሱ ጉሮሮዬን ያዘኝ። ዝም አለኝ፣ እትዬ።»

ጀይላን በሳቁ መሐል የገባውን ቃል እንኳ የማያጥፍ ልጅ ነው። እየተንፏቀቀች ሄዳ ጭቃው ላይ ተደፋች፤ ድንጋዩ ይፋጃል።

«ጀይላን! እኔ ነኝ፣ እናትህ ነኝ! ይኸው ሦስተኛው! አቤት በል፣ ልጄ!»

ጆሮዋን ለጠፈች። ከወዲያ እሳቱ ይንጣጣል።

«ሄይ!» አላት ካቦው ከኋላዋ።

ከዚያ ወዲህ ሩቂያን የጠራት ሁሉ ስሟን ሳይጨርስ «አቤት» ትለዋለች። ማንም ሳይጠራትም፣ ነፋስ ማሽላውን ሲያንሿሿው፣ «አቤት፣ ልጄ» ትላለች።