በሟች አፍ

ከዳንግላ የተነሳሁት የወንድሜ ቀብር ካለፈ በማግስቱ ነው። ቀድሞ የነገረኝ የለም። ከወንድሜ ከሽመክት ጋር ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም ነበር። እሱ በደገሰው በእናታችን ተዝካር ቀን ከሰው መሃል ቆሜ፣ ይህ በሙት ስም ሕያው የሚጠግብበት ድግስ ነው ብዬ ተናገርኩ። አርባ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ድምፄ ዳሱን ሞላው። ሽመክት ዋንጫውን አስቀምጦ ከዳሱ ወጣ። በዚያው ቀረን።

እኔ ግን ከእሱ ጋር በሐሳቤ መሟገቴን አላቆምኩም። ብቻዬን እራቴን ስበላ «ሰው ፊት አሳፈርከኝ» ይለኛል፤ እመልስለታለሁ። ሁልጊዜ እረታዋለሁ።

ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ካለው ግቢው ስገባ፣ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ሲደርስ እንደሚደረገው፣ ድንኳኑ እንደ አዲስ በለቅሶ ተነሳ። አልቃሿ እማማ ስሜነሽ የወንድሜን ጋቢ በሁለት እጃቸው ይዘው መሃል ገቡ፤ በእሱ ቦታ ሆነው ሙሾ አወረዱ።

ዘንገና አፋፍ ላይ መንገድ መንገድ ሳይ፣
ወንድሜ ዳንግላ ቀረህብኝ ወይ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ደሜ ፈላ። ለቅሶው በረድ ሲል ከድንኳኑ ጀርባ ተከትያቸው ሄድኩ።

«እማማ፣ ያንን ማን አለ?»

«ሽመክት።»

«መቼ? ማን ሰማው?»

«አሁን። አንተም ሰማህ።»

«ያሉት እርስዎ ነዎት። ሟች አፍ ውስጥ ቃል መክተት በሐሰት መመስከር ነው።»

«ፍርድ ቤት መሰለህ እንዴ? ለእናትህም ያለቀስኩ እኔ ነኝ። ያኔም ስትነጫነጭ ነበር።»

ትቻቸው ወደ ወንድሜ ሚስት ወደ ወርቅአየሁ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች።

«እውነቱን ንገሪኝ። መንገዴን ያይ ነበር?»

«አያይም ነበር።»

«አላልኩም! ታዲያ ስለ እኔ ምን ይል ነበር?»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። «ምንም።»

«ክፉም ቢሆን ንገሪኝ።»

«ክፉም ደግም አላለም፣ ጋሼ ምስጋናው። ስድስት ዓመት ስምህን አላነሳም። ልጆቹም እሱ ፊት አያነሱህም።»

እንደ ልማዴ መልስ ፈለግኩ። ቢሰድበኝ ኖሮ የምለው ነበረኝ። ያንን ሁሉ እራት ከማን ጋር ስሟገት እንደኖርኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

አመሻሽ ላይ ድንኳኑ ባዶ ሆነ። ጎረምሶች አግዳሚውን እያነሱ ነው። እማማ ስሜነሽ መቋሚያቸውን ይዘው ሊነሱ ሲሉ ደረስኩባቸው።

«እማማ፣ ያንን ይድገሙልኝ።»

«የቱን? ሐሰቱን?»

አጠገባቸው ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

«ደረቅ ዓይን ፊት አላወርድም። ስትገባም አላለቀስክም፤ አይቼሃለሁ።»

«ባለቅስስ?»

«ካለቀስክማ ሽመክት የሚለውን ይላል።»

የዳንግላ መኪና እንድይዝ ወደ እንጅባራ የሚመልሰኝ ባጃጅ መንገድ ዳር ጥሩንባውን ነፋ። ሂድ ብዬ በእጄ አሰናበትኩት። እማማ ስሜነሽ ተመልሰው ተቀመጡ፤ ጋቢውን ጉልበቴ ላይ አደረጉልኝ። ጭስና በግ በግ ይሸታል።

«ሽመክት» አልኩ። ቀጥሎ የሚባለው ጠፋኝ። እሳቸውም እስካለቅስ ሳይቸኩሉ ጠበቁኝ።