ቆርቆሮ የሚያንቀጠቅጥ ባስ

ለመላው የባኒ ከተማ ሕዝብ! የዶን ሴኖቢዮ ሞንቴሮ ኮሮላ፣ ከሃያ ሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ፣ በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ባለ አሥራ ሁለት ኢንች የባስ ስፒከር ተገጥሞላት ከጯሂ መኪኖች ጎራ በይፋ መቀላቀሏን የምናበስረው በታላቅ ክብር ነው።

ማብሰሩ በእኔ ላይ የወደቀው ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። የምሠራው ዊልኪን ጋራዥ ነው። ዊልኪን ደንበኛ ሲመጣ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለው፤ «ምን ልትሰማበት ነው?» ይላል። ያለዚህ መልስ የስፒከር ሳጥን አይመርጥም። ድፍኑ ሳጥን ቁጥብ ድምፅ ያወጣል፤ ቀዳዳ ያለው ያጓራል። ለለስላሳው የባቻታ ዘፈን የሚሆነው ለጯሂው ዴምቦ አይሆንም።

ዶን ሴኖቢዮ በብብታቸው የጣሪያ ቆርቆሮ ቁራጭ ይዘው ነበር።

«ምን ይሰማሉ፣ ዶን ሴኖቢዮ?»

«ምንም።»

«ሜሬንጌ? ባቻታ? ስብከት?»

«ልጄ፣ እኔ ሙዚቃ አልወድም። ይህችን የሚያንቀጠቅጥልኝ ስጠኝ።» ቆርቆሮዋን ጠረጴዛው ላይ አጋደሟት።

ዊልኪን ወደ ጥግ ወሰደኝ። «ሐዘን ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «አጎቴም ሚስቱ ስትሞት ሞተር ሳይክል ገዛ።»

ሐዘኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ዶን ሴኖቢዮ ከወንድማቸው ከኤሊሂዮ ጋር ከተኳረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። አባታቸው ሲሞቱ ግቢው ለሁለት ተከፈለ፤ አባትየው በእጃቸው የተከሉት ማንጎ በኤሊሂዮ በኩል ቀረ። ዶን ሴኖቢዮ ያን ዕለት ጎረቤት ሰብስበው ማሉ፦ ከዚያ ዛፍ ፍሬ አልለምንም፣ እጄን አልሰድበትም፣ ሰውም አልክበትም። ከዚያ ወዲህ ማንጎ የሚበሉት ከገበያ ገዝተው ነው፤ በጎረሱ ቁጥር ሳሙና ሳሙና ይላል እያሉ። አሁን ኤሊሂዮ ፎቅ ሊሠራ ተነሥቷል፤ ዛፉ ሰኞ ይቆረጣል። ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ የሰፈሩ ጭንቀት አንድ ነበር፤ ሽማግሌው ያባታቸውን ማንጎ ለመጨረሻ ጊዜ ይቀምሱ ይሆን፣ ወይስ መሐላቸውን ታቅፈው ይቀራሉ? እሳቸው ግን ባስ እያስገጠሙ ነው።

ከባትሪው ወፍራሙን ሽቦ በፊውዝ አሳልፌ በምንጣፉ ሥር ወደ ኋላ ዘረጋሁ። ለኔጌቲቩ ሽቦ የመኪናዋን ቀለም ብረቱ እስኪታይ ፋቅሁ፤ ዶን ሴኖቢዮ እንደ መርፌ ፈሪ ፊታቸውን አዞሩ። ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ የድምፁን ገመድ ሳብኩ። ዊልኪን መጀመሪያ ድፍኑን ሳጥን ከኋላ አስገባና የመሞከሪያ ድምፁን ከፈተ። ዜማ የለው፣ ቃል የለው፣ ወፍራም «ዉዉዉ» ብቻ።

«ኩላሊቴን ነው የነካው» አሉ ዶን ሴኖቢዮ። «ቆርቆሮዋ መቼ ሰማች?»

ባለቀዳዳውን አስገባን። ዊልኪን አምፕሊፋየሩን በትንሽ ብሎን መፍቻ ቀስ እያለ አስተካከለ። ቆርቆሮዋ እንደ ወባ በሽተኛ ተንዘፈዘፈች። ዶን ሴኖቢዮ አንዱን ጫፍ በጎማ አስደግፈው አዘቀዘቋት፤ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ላይዋ ላይ አስቀመጡት። ጫማው ትንሽ አመነታና እየተንሸራተተ ወርዶ መሬት ላይ ዱብ አለ።

«በቃ፣ ይኸው ነው» አሉ፤ ጫማቸውን አጥልቀው፣ የመሞከሪያ ድምፁን ካሴት ከዊልኪን ተቀብለው ሄዱ።

እኔና ዊልኪን በሞተሩ ተከተልናቸው። «ዋስትና ሰጥቻለሁ፤ ሥራዬን መከታተል አለብኝ» አለ ዊልኪን። እኔ እንኳ ወሬ ፍለጋ መሆኑን አልደበቅኩም።

ኮሮላዋ የቆመችው ኤሊሂዮ ደጃፍ ነው። የበረንዳው ቆርቆሮ ጣሪያ ተዳፋቱን ይዞ እስከ መንገዱ ተዘርግቷል። ከበላዩ የማንጎው ቅርንጫፍ። ጣሪያው ላይ ደግሞ፣ በደረቀ ቅጠል ተይዘው፣ በራሳቸው ጊዜ የወደቁ ማንጎዎች ተኝተዋል። በእኛ ሰፈር መንገድ ላይ የወደቀ ፍሬ ባለቤቱ ያነሣው ሰው ነው። ዊልኪን ጭንቅላቱን ያዘ።

«ጫማው!» አለ።

ዶን ሴኖቢዮ የኋላውን ኮፈን ከፍተው ቴፑን አስነሡ። ዉዉዉ። ጣሪያው ማጉረምረም ጀመረ። መጀመሪያ ቅጠሉ ወረደ፣ ከዚያ አንድ ማንጎ ተንሸራቶ አስፋልቱ ላይ ዷ አለ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሦስት ባንድ ላይ። ጎረቤታቸው ዶኛ ኔሬይዳ ከማዶ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዋን ይዛ ልትለቅም ሮጠች። ዶን ሴኖቢዮ ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡ፣ በሸሚዛቸው ጠረጉት፣ ልጣጩን በጥርሳቸው ገሸለጡና ዓይናቸውን ጨፍነው ነከሱ። ማንም ሳሙና ስለሚል ነገር አልሰማም።

ኤሊሂዮ በካናቴራ ወጣ።

«ሴኖ! ምን እያደረግህ ነው?»

«መኪና አቁሜያለሁ። መንገዱ የመንግሥት ነው።»

«የሙዚቃ ጠላት የነበርከው ሰውዬ?»

ዶን ሴኖቢዮ አኘኩ። ኤሊሂዮ ወንድሙን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባው እኛም ከፊቱ ላይ አነበብነው። ሊሳደብ አፉን ከፈተ፤ ግን ሌላ ነገር ወጣው።

«በግራ በኩል ያሉት አልወረዱም» አለ። «ድምፁን ጨምረው።»

ዊልኪን ዘሎ ጨመረው። ማንጎው ዘነበ። ኤሊሂዮ አንዱን በአየር ላይ ቀልቦ ከወንድሙ አጠገብ መኪናዋ ላይ ተደገፈ። ሁለቱም ጭማቂው በክርናቸው እየወረደ በሉ።

«ለአንዲት ማንጎ ይህን ሁሉ ጣጣ?» አለ ኤሊሂዮ በመጨረሻ። «አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ለምን?»

ዶን ሴኖቢዮ የማንጎውን ዘር መጥጠው ኪሳቸው ከተቱት።

«አላብራራም» አሉ።