ብራዚል የማትጠራበት ውድድር

ባሌ አብዱልፈታሕ ሁለት ነገር ይወዳል፤ ጫትና የቦሊቫር ጨዋታዎችን። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ ብል ራሴን ማሞካሸት ይሆንብኛል።

ጀዋሪያ እባላለሁ፤ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ጅቡቲ ካርቲየ ዱ በሚባለው ሰፈር አባቴ የተወልኝ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ጠዋት ሁለታችንም እንሸጣለን። ከሰዓት የድሬ ጫት ከተማ ሲገባ ግን ሰውየው መቀሱን ወርውሮ ይነሳል። ከሱቁ ጀርባ ያለው ክፍል በርጫ ቤቱ ነው፤ ፍራሽ፣ ትራስ፣ ማራገቢያ፣ የሻይ ፔርሙስ። ጓደኞቹ ይሰበሰባሉ፣ ይቅማሉ፣ ምርቃናው ሲይዛቸው ዓለምን ያስተካክላሉ። በዚያ ክፍል ስንት ፎቅ ተሠርቷል መሰላችሁ! ሲመሽ ጫቱ ይለቃቸዋል፣ ፎቁም አብሮ ይፈርሳል። በማግስቱ ማንም ማንንም «ትናንት እንዲህ ብለህ ነበር» አይልም። የምርቃና ቃል አይጠየቅም፤ ቃሚ ሁሉ ያውቀዋል።

የቦሊቫርን ነገር ያስተማረው አንድ የፔሩ ሰው ነው። አብዱልፈታሕ በወጣትነቱ ወደብ ሲሠራ የሰውየው መርከብ ተበላሽቶ ከርሞ ነበር፤ እሱም የመርከቡ ወጥ ሠሪ ነበርና ተወዳጁ። በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ያወራውን ይኸው እስከ ዛሬ እንሰማዋለን። ቦሊቫር የሚባል ጄኔራል ነጻ ያወጣቸው አገሮች በፈረንጅ 1938 ቦጎታ ላይ ተሰብስበው የራሳቸውን ጨዋታ ጀመሩ፤ ሩጫው፣ ቡጢው፣ ኳሱም አለበት። ቦሊቪያ፣ ፔሩ፣ ኢኳዶር፣ ኮሎምቢያ፣ ቬኔዙዌላ፣ ፓናማ። ብራዚል የለችም፣ አርጀንቲና የለችም።

«ገባሽ ጀዋሪያ?» ይለኛል። «ብራዚል ካለች ቦሊቪያን ማን ዞር ብሎ ያያታል? ስለዚህ ብራዚል የማትጠራበት ሜዳ አበጁ። ትንሹም ወርቅ አጠለቀ!»

«ገብቶኛል፤ ያንን ጣቃ አንሳልኝ» እለዋለሁ። ምን ልበለው?

በፈረንጅ 2017 ጨዋታዎቹ ሳንታ ማርታ የሚባል የኮሎምቢያ ከተማ ላይ ተደረጉ። ኅዳር ነበር፤ ሙቀቱ በረድ ብሏል። በርጫ ቤቱ ግን ጋለ። ረምዚ የሚባል የሐረር ልጅ አለ፤ ወደብ ላይ ከጉምሩክ ዕቃ አስለቃቂ ነው። የመጀመሪያውን የኳስ ወርቅ ፔሩ ወሰደች፣ ቦሊቪያ ወሰደች ብለው ከአብዱልፈታሕ ጋር ተነታርከው ተነታርከው፣ ምርቃናው ሲደርስ ታረቁና እኛም የራሳችንን ጨዋታ እናዘጋጅ አሉ። ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ገለምሶ።

«አዲስ አበባስ?» አለ አንዱ።

«አዲስ አበባ ብራዚል ናት!» ብሎ ጮኸ ባሌ። «አትጠራም!»

እኔም ሻይ እየቀዳሁ ሳቅኩ፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

ከቤታችን ጀርባ አሸዋማ ሜዳ አለ። በዚያው ቀን አብዱልፈታሕ በመስኮት ሲያይ አንድ ጎረምሳ ሦስት ሰው አልፎ ያገባል። «ያንን ጥሩልኝ!» አለ። መጣ። ገለታ ይባላል፤ የወለጋ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው። ከጓደኛው ከደሳለኝ ጋር በዕቃ መኪና ዶራሌ ወደብ ደርሰው፣ በኦቦክ በኩል ባሕሩን ወደ የመን ሊሻገሩ ቀን የሚጠብቁ ናቸው። ያኔ የመን በጦርነት ትነዳለች፤ እነሱ ግን ከዚያ ወዲያ ያለውን ሳዑዲ ነው የሚያዩት።

ደሳለኝ የወሎ ሐይቅ ልጅ ስለሆነ እንደ ቤቱ ቁጭ ብሎ መቃም ጀመረ። ገለታ ግን ጫት ነክቶ አያውቅም፤ ሻይ ብቻ ይዞ ባሌን አፍ አፉን ያያል። አብዱልፈታሕም አድማጭ አገኘ አይደል! ቦጎታን አወራ፣ ቦሊቪያን አወራ። መጨረሻ ላይ የገለታን ትከሻ ያዘና «የድሬዳዋ ዐሥር ቁጥር አንተ ነህ» አለው። «ከነገ ጀምሮ እኔ መጋዘን ትሠራለህ፣ እዚያው ታድራለህ፣ እንደ ልጄ ነህ። ያንን ባሕር ተወው።»

ሁሉም «ወላሂ ጥሩ ብለሃል!» አሉ። ገለታ ተነስቶ የባሌን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ነበር አንድ ነገር ማለት የነበረብኝ፤ ግን የምርቃና ወሬ የማያውቅ ሰው አለ ብሎ ማን ያስባል?

ሲወጡ ደሳለኝ በር ላይ «አትሞኝ፣ ምርቃና ነው፤ ጠዋት ስምህንም አያስታውሰውም። ዛሬ ማታ የኦቦኩ መኪና አይጠብቀንም» ሲለው ሰማሁ። ገለታ «ሽማግሌ ሰው እንዲህ ብሎ አይዋሽም» አለው።

በነጋታው ሱቁን ልከፍት ስወጣ ገለታ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ፊቱን ታጥቧል፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከቷል፣ ልብሱን በፌስታል ይዟል።

«ደሳለኝስ?» አልኩት።

«ሄዱ እትዬ። እኔ ቀረሁ።»

አብዱልፈታሕ ዓይኑ አብጦ ወጣ፤ የቃሚ ጠዋት ታውቁታላችሁ።

«ጋሼ፣ መጣሁ» አለው ገለታ።

«የት?»

«መጋዘኑ።»

ባሌ መጀመሪያ እኔን አየ፣ ከዚያ መሬት። «አይ ልጄ… እሱ እኮ ጨዋታ ነው። ምርቃና ላይ ሆነን። ለሰው የሚሆን ሥራ እንኳ የለኝም።»

ልጁ ቢሰድበው፣ ቢጮህበት ምናለ! ገለታ ግን «ይቅርታ ጋሼ፣ የእውነት መስሎኝ ነው» አለና ፌስታሉን ይዞ መንገዱን ቀጠለ። ከሰፈሩ ወጥቶ ወደ ከተማው ጫፍ፣ ወደ ባልባላ መሄድ ደግሞ ወደ ኦቦክ መሄድ ማለት ነው።

እኔ ነደድኩ። «ልጁን ባሕር ላይ ልትልከው ነው?»

«እኔ ምን አደረግኩ? በርጫ ላይ የተባለን ማን ያምናል?»

«እሱ አመነሃ! ብራዚል አትጠራ፣ ትንንሾቹ ይጫወቱ ስትል ዕድሜዬን ፈጀህ። ይኸው ትንሹ መጣልህ። አባረርከው!»

መልሱን አልጠበቅኩም፤ በነጠላ ጫማዬ የባልባላ ሚኒባስ ያዝኩ።

ባልባላ መውጫ ወደ ኦቦክ የሚሄዱ መኪኖች የሚቆሙበት ቦታ አለ። ገለታ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«ና እንሂድ፣ ሥራ አለ» አልኩት። «ሱቁ የኔ ነው። መጋዘኑም የኔ ነው። ቀጥሬሃለሁ።»

በትሕትና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ፣ እርስዎስ ከሰዓት ቃልዎን ይለውጡት ይሆን?» አለኝ።

መቆጣት አማረኝ፤ ግን እንባዬ ቀደመኝ። ልጁ በአንድ ቀን ምን ተማረ ከእኛ! «እኔ ቅሜ አላውቅም» አልኩት። «አሁን ያልኩህን ከሰዓትም እላለሁ፣ ነገም እላለሁ። ና በሞቴ።»

መንገዱን አንዴ አየው፣ ደሳለኝ የሄደበትን። ከዚያ ፌስታሉን አነሳ።

ስንመለስ አብዱልፈታሕ ከጠረጴዛው ጀርባ ጨርቁን አጣሞ ይቆርጣል። ቀና ብሎ ገለታን አየ። የመጋዘኑን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት። ሥራ ደግሞ አልጠፋም፤ ጣቃ መሸከም፣ ዕቃ ማውጣትና ማስገባት፣ ለካ ወገቤ ሲቆረጥ የኖረው በከንቱ ነው።

የሳንታ ማርታ ጨዋታዎች አለቁ። የድሬዳዋና የሐረር ግጥሚያ እስከ ዛሬ አልተደረገም፤ ሁልጊዜ የሚመጣው ዓርብ ነው።

ደሳለኝ ያን ማታ ከገለታ ሲለይ እንደተሻገርኩ እደውላለሁ ብሎ የሱቁን ስልክ ቁጥር ይዞ ነበር። አልደወለም። ከዚያ ሌሊት ጀልባ የተሳፈረ ሰው ደወለ የሚል ወሬም አልሰማን። ከሰዓት ምርቃናው ሲይዘው አብዱልፈታሕ ገለታን አጠገቡ ያስቀምጥና «አይዞህ፣ ወላሂ ዛሬ ይደውላል» ይለዋል። ገለታም «እሺ ጋሼ» ይላል፣ ሻዩን ይጠጣል።

ጠዋት ግን አይለውም። ጠዋት ቁልፉን ብቻ ነው የሚሰጠው።