የውሰት ምስክርነት

መስታወት ገጣሚው ከዓመታት በፊት የጸሎት ቤቱን መስኮት ሲሠራ ሁለት ሽማግሌዎች ከውስጥ ሲነጋገሩ ሰምቶ ነበር። አንደኛው፣ «ለወጣቶቹ መሪ የሚሆኑ ልጆች የሚያሳድግ ሰው እንፈልግ» አለ። ሌላኛው ምን እንደ መለሰ በደንብ አያስታውስም፤ «የሚናገርማ ሞልቷል፣ የሚሰማ ነው የጠፋው» ያለ ይመስለዋል። ያም ሆነ ይህ፣ የተገኘው ሰው የሚናገር ነበር።

ሰውዬውን «አሠልጣኙ» ይሉታል። የመሪነት ትምህርቱ ማይክ እንዴት እንደሚያዝ፣ ድምፅ የት ላይ ዝቅ እንደሚል፣ መሐረብ መቼ ከኪስ እንደሚወጣ ነው። ቦርሳውን አንዱ ይሸከማል፣ ውሃውን ሌላው ይይዛል፤ ይህም «ማገልገልን መማር» ይባላል። ከእግሩ ሥር የተቀመጡት ጎረምሶች ሳሉን ሳይቀር ወርሰዋል። የሰፈሩ ሰው «ፎቶ ኮፒዎቹ» ይላቸዋል፤ የመስታወት ገጣሚው ልጅ ደግሞ ከሁሉም ጥርት ብሎ የወጣው ኮፒ ነበር።

ዛሬ ልጁ ለወጣቶች መሪነት የሚመዘንበት ቀን ነው። አባት ሱቁን ዘግቶ፣ የሥራ ቱታውን እንደ ለበሰ መጥቶ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ልጁ መድረክ ላይ ወጣና ማይኩን ወደ አገጩ አስጠጋ።

«አባቴን በቀበርኩ ማግስት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጌታን፣ ለምን? አልኩት።»

መሐረቡ ወጣ። አዳራሹ አለቀሰ። አሠልጣኙ ልጆቹን የሚያለማምዳቸው በራሱ ምስክርነት ነበር፤ «መጀመሪያ በእኔ አፍ ተናገሩ፣ የራሳችሁ በኋላ ይመጣል» ይላል። የዚህ ልጅ የራሱ ገና አልመጣም። አባት በእግዚአብሔር ቤት የሚስቅ ሰው አይወድም፤ ከንፈሩን ነከሰ። አጠገቡ የተቀመጡ አንዲት እናት ወደ እሱ ዘንበል ብለው፣ «ምስኪን፤ ልጁን ያውቁታል?» አሉት።

«አባቱን አውቀው ነበር» አለ።

ጉባኤው ሲበተን አሠልጣኙ አባትየውን አየና ምንም አልደነገጠም። «አባታችን፣ በመንፈስ ይረዱት» አለ ትከሻውን ቸብ ቸብ እያደረገ። «ዋናው የሰው ልብ መነካቱ ነው። ሳምንት ሹመቱ ላይ ግን ባይመጡ ይሻላል። ለልጁ ብለው።»

«ገባኝ። ሬሳ ወንበር ባይዝ ይሻላል።»

አሠልጣኙ ሳቀ። ቦርሳ ያዡና ውሃ ያዡም ልክ እንደ እሱ አድርገው ሳቁ።

ቤት ሲደርሱ ልጁ በር ላይ ቆሞ ቀረ። «አባዬ፣ አፌ ለምዶት ነው። ከጀመርኩ በኋላ መመለስ አቃተኝ።»

«በቀቀንም እንዲሁ ነው የምትቸገረው።» አባት እጁን እየታጠበ ነበር። «እኔን ተወኝ፣ እኔ ሞቼም ምሳዬን እበላለሁ። ያ ከመድረክ ስትወርድ አንገትህን ይዞ ያለቀሰው ቀጭን ልጅ ምን አለህ?»

ልጁ አቀረቀረ። «አባቱ የሞተው ባለፈው ወር ነው። አንተ እንዴት ቻልከው አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«የአሠልጣኙን መልስ ነገርኩት። ደስ ብሎት ሄደ።»

«ደስ ይበለው እንጂ። የሌለ ለቅሶ አስደግፋችሁት።»

«እውነቱን ከነገርኩት ወሬው ይወጣል፤ ሹመቱም ይቀራል። ይሄን ሁሉ ጊዜ ቦርሳ የተሸከምኩት…»

«ትከሻህ ጠንክሯል። እሱን ማንም አይወስድብህም።» አባት እጁን በፎጣ አደረቀ። «የልጁን ቤት ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«እንግዲህ የምትመራው እሱን ነው።»

ልጁ ስልኩን አወጣና ደወለ። «እኔ ነኝ… ቤታችሁ የት ነው? አይ፣ ለጸሎት አይደለም፤ የምነግርህ ነገር አለ።» አዳመጠ። ፊቱ ተለዋወጠ። ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ ወደ አባቱ ዞረ።

«እናቱም ምስክርነቴን ከእኔ አፍ መስማት ይፈልጋሉ። ጓጉተው እየጠበቁ ነው አለኝ።»

አባት ፎጣውን ሰቀለ። ልጁ መዳፉን ከስልኩ አነሳ።

«እሺ» አለ። «እሳቸውም ባሉበት እነግርሃለሁ። አሁን እየመጣሁ ነው።»