እትዬ መግቢያና ስድስቱ ጥራዞች

ከኮሌጁ አጥር ጥግ ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤት ጥራዝ የምትሠራውን ሴት በስሟ የሚጠራት ባሏ ብቻ ነበር። ተማሪው ሁሉ «እትዬ መግቢያ» ይላታል። ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣላትም። የመምህራን ጽሑፍ ጠዋት ይመጣል፣ ተባዝቶና ተጠርዞ ማታውኑ ይሄዳል። ለእሷ የማንበቢያ ጊዜ ያቺ የምሳ ሰዓት ብቻ ናት። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ሰው ደግሞ ቀስ ብላ ነው የምታነበው፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ያልገባትን ዓረፍተ ነገር እንደ ደረቅ ዳቦ እያላመጠች። አንዷን ወረቀት ስትጨርስ ምሳ ሰዓቱም ያልቃል። እንዲህ እያለች በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ የትምህርቱን ዓይነት ሁሉ መጀመሪያ አወቀች፤ የአንዱንም ሁለተኛ ገጽ ግን አላየችም።

«ዛሬስ ምን አመጣሽልን?» ይላታል አናጢው ባሏ ራት ላይ።

«መሬት እንደ ሽንኩርት ናት ይላል። ልጣጭ በልጣጭ ላይ። ከሆዷ የቀለጠ ድንጋይ አለ።»

«ወይ ጉድ! ከዚያስ?»

«ከዚያ ያለው ሁለተኛው ገጽ ላይ ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰውን ግብዣ ጠርተሽ ከደጅ መመለስ ለመደብሽ እኮ!»

ይሳሳቃሉ። እሷም የተሰጣትን አመስግና ትተኛለች። ጥቂትም ቢሆን ከላይ የተሰጠ ነው፤ ለምን አነሰ አይባልም።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡት መምህር ስድስት ማኅደር ታቅፈው መጡ። ትምህርት አቋርጠው ለቆዩ ጎልማሶች ያዘጋጁት የመነሻ ማስታወሻ ነው፤ ሥነ ሕይወት፣ ሥነ ምድር፣ ሥነ ልቦና፣ ምጣኔ ሀብት፣ ፊዚክስና ታሪክ። ከእያንዳንዱ ሠላሳ ሠላሳ ጥራዝ ለማግስቱ ጠዋት ይፈለጋል። መምህሩ ግን አንድ አመል አላቸው፤ ገጽ አይቆጥሩም። «ገጽ የሚቆጥር ተማሪ የሚያስበው ስንት እንደቀረው ነው» ይላሉ። ስድስቱንም ትምህርት የሚጀምሩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ይህ ትምህርት ከኑሮህ ሩቅ አይደለም።» የትምህርቱ ስም ያለው ሽፋኑ ላይ ብቻ ነው።

የዚያን ቀን ምሳ ሰዓት እትዬ መግቢያ የቱን እንደምታነብ መምረጥ አቃታት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዳም ሆነች። ከየማኅደሩ የመጀመሪያዋን ወረቀት እየሳበች ስድስቱንም ጉልበቷ ላይ ደረደረች። ከአንዷ ሁለት መስመር፣ ከሌላዋ ሦስት እየቀመሰች ሳለ የሱቁ ባለቤት ከማሽኑ አጠገብ ጮኸ። ለባለቤቱም ተማሪው ስም አውጥቶለታል፤ «ቶሎ ቶሎ» ነው የሚሉት።

«እትዬ! ማሽኑ ሞቋል! ቶሎ ቶሎ በይ እንጂ!»

ተደናግጣ ወረቀቶቹን በየማኅደሩ ከተተች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሁሉም ተባዝቶ፣ ተበስቶ፣ መጠረዣው ስፒራል ገባለት። ከመምህሩ ጎልማሳ ተማሪዎች አንዱ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎማ ጠጋኝ፣ ማግስቱን መጠበቅ አቅቶት የራሱን ስድስት ጥራዝ ዘይት በነካው እጁ ተሸክሞ ሄደ።

የመጨረሻውን የሥነ ምድር ጥራዝ ጠርዙን ስትቆርጥ ከእጇ አመለጠና መሬት ላይ ተዘርግቶ ወደቀ። ልታነሳው ስትጎነበስ ሁለተኛው ገጽ ዓይኗ ላይ አረፈ። «እንግዲህ ከላይ ያልነው የቀለጠ ድንጋይ መውጫ ሲያገኝ...» ይላል። ገልብጣ የመጀመሪያውን ገጽ አየች። እዚያ ያለው ግን ስለ ሕፃን ልጅ ፍርሃት ነው። ሌላውን ጥራዝ ገለጠች፤ ልብ ደም እንደሚረጭ ተጀምሮ የሽንኩርት ዋጋ ላይ ይቀጥላል። ስድስቱንም አየች። አንድም መግቢያ ቤቱ አልገባም። 

ለቶሎ ቶሎ ነገረችው።

«ዝም በይ እትዬ! ገጽ ያልቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ማሽኑ ደባለቀው እንላለን። ማሽን እንደሆነ አፍ የለው!»

«እኔ ግን አፍ አለኝ።»

«እሱማ አለሽ! እንግዲያው ስሚኝ። ተናግረሽ ሥራዬን ካሰደብሽ ከነገ ጀምሮ የሰው ወረቀት አታነቢም። መጠረዝ ብቻ! አንድ መስመር እንኳ!»

ይህቺ ናት ልቧን የወጋቻት። ቁጣው ምንም አይደለም፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ምሳ ሰዓቷ ግን ሊወሰድባት ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቅ። መምህሩ ራሳቸው በስተርጅና አእምሮዬ ዛለ ብለው ይቀበሉት ይሆናል። ይህን ስታስብ ደግሞ አፈረች፤ ሽማግሌውን የገዛ አእምሯቸውን ልታስጠረጥራቸው ነው እንዴ?

ራት ላይ ባሏ «ዛሬስ?» ሲላት፣

«ዛሬ ባዶ እጄን ነኝ» አለችው። እሱም ፊቷን አይቶ «ከዚያስ?» አላለም። ከመተኛቷ በፊት ጸሎቷ አጭር ነበር፤ «አምላኬ፣ አንደበቴን አታስርብኝ።»

ገና በሌሊቱ፣ በእጇ ባለው ቁልፍ ሱቁን ከፈተች። ማስታወሻው በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ ስለታተመ አዲስ መገልበጥ አላስፈለገም። ስፒራሉን እየፈታች፣ የመጀመሪያዋን ወረቀት እያወጣች፣ ወደየራሷ ጥራዝ እየመለሰች ስትሠራ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ከጎማ ጠጋኙ ድርሻ በቀር ሁሉም ተቃና። አሁን ቢሆን ዝም ማለት ይበልጥ ቀላል ነበር። መምህሩ ግን ገና ደፉን ሲረግጡ ተነሥታ ቆመች።

«መምህር፣ ጥፋት አለብኝ። ምሳ ሰዓት ላነብ ብዬ መግቢያዎቹን አውጥቼ፣ ስመልስ አዘበራረቅኋቸው። እነዚህን አስተካክያለሁ። የአንድ ተማሪ ግን አምልጦኛል።»

መምህሩ መልስ ሳይሰጡ ጎማ ጠጋኙ ገባ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ጥራዙን በጋዜጣ ጠቅልሎታል።

«መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ! እንዲህ ተደርጎ ተጽፎልኝ አያውቅም! ምጣኔ ሀብቱን ጨረስኩት። ልብ ደም ይረጫል፣ ከዚያ ወዲያው ገበያ! ገበያ የአገር ልብ ነው ማለትዎ አይደል? ገንዘቡ ደሙ! ወዲያው ነው የገባኝ!»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እትዬ መግቢያ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ ሳቅ ነበር።

«አርባ ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ምሳሌ አልመጣልኝም» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሂድ ልጄ፣ ወረቀትህን ያስተካክሉልሃል። ምሳሌህን ግን እንዳትጥላት።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «እርስዎስ፣ ቁጥር የለው ምን የለው፣ የቱ ከየቱ እንደሚሄድ በምን አወቁ?»

«ሁለተኛውን ገጽ አንብቤ ነዋ። መጀመሪያው የጠየቀውን ሁለተኛው ይመልሳል። ሳይመልስ ሲቀር የሌላ ሰው ቤት ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ቤቴ ሁለት ሣጥን ሙሉ ጽሑፍ አለኝ፤ አንዱም አልተቆጠረም። በየቀኑ አንድ ማኅደር ላምጣና ቁጥር ይጻፉልኝ። ግን ቁጥሩን ከመጻፍዎ በፊት ገጹ በእርግጥ ከፊተኛው የሚቀጥል መሆኑን ያንብቡ። እስከ መጨረሻው።»

ቶሎ ቶሎ ከማሽኑ ኋላ ብቅ አለ። «መምህር፣ ማንበብ እኮ ከልክያታለሁ።»

«ምን ማንበብ አለ? ሥራ ነው፤ እከፍልሃለሁ።»

ቶሎ ቶሎ ጭንቅላቱን አከከ። «ሥራ ከሆነማ ምን እላለሁ። በይ እትዬ... ቶሎ ቶሎ አንብቢ!»

የዚያን ዕለት ራት ተበልቶ ሳህኑ እንኳ ሳይነሳ ወንበሯን ወደ ባሏ ሳበች።

«መሬት እንደ ሽንኩርት ናት ብዬህ አልነበረም?»

«ብለሽኛል። ከሆዷ የቀለጠ ድንጋይ አለ አልሽኝ፤ ከዚያ በሩን ዘጋሽብኝ።»

«በል ግባ» አለችው። «ድንጋዩ መውጫ ይፈልጋል...»