ያረፈደ ልብ ያስቀንሳል

የፊዚክስ መምህርቷን ተማሪዎቿ «ቲቸር ጠብቁ» ይሏታል። ኔትወርኩ በተንቀራፈፈ ቁጥር «ጠብቁ፣ ሊከፍት ነው» ስለምትል ነው እንጂ እሷስ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ሻይ እስኪበርድላት አትጠብቅም፤ ምላሷን አቃጥላ ትጠጣለች። በስልክ ጨዋታ ላስተምር ብላ የተነሣችውም በዚሁ ችኮላዋ ነው። ሌሎቹ መምህራን የተማሪ ስልክ እየነጠቁ መሳቢያ ውስጥ ሲቆልፉ እሷ «አውጡ!» አለች።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ክፍሉ በቡድን ተከፍሏል። ለእያንዳንዱ ቡድን በወሩ መጀመሪያ አምስት ልብ ይሰጠዋል። ጥያቄ የመለሰ ነጥብ ያገኛል፤ ከደወል በኋላ የገባ ግን ከቡድኑ አንድ ልብ ያስቀንሳል። ልቡ ያለቀበት ቡድን ይሞታል፣ ያጠራቀመው ነጥብም ይቃጠላል። ወሩ ሲያልቅ ያሸነፈው ቡድን ፎቶ በትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ ይወጣል፤ ለዚያች ፎቶ ልጆቹ የማይሆኑት የለም። የቀረ ልጅ ግን ምንም አያስቀንስም። «የታመመ ልጅ ላይ ደግሞ ምን ቅጣት ያስፈልጋል?» ብላ ሆን ብላ ነው የተወችው። ደግ ነገር የሠራች መስሏት ነበር።

ማርፈድ ጠፋ። ድሮ ከደወል በኋላ ሩብ ሰዓት ሙሉ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚቆይ ክፍል፣ አሁን ደወሉ ሳይደወል ጢም ብሎ ሞልቶ ይገኛል። ዳይሬክተሩ ደስታውን መያዝ አቅቶት «ማርፈድን ያጠፋው ጨዋታ» ብሎ ገጹ ላይ ለጠፈ። ወላጆች አጋሩት፣ አሞገሱት፤ ይህን ተአምር በዓይናችን እንይ ያሉ እንግዶችም ከበላይ መሥሪያ ቤት ሊመጡ ቀን ተቆረጠ።

እንግዶቹ የሚመጡበት ዋዜማ ዳይሬክተሩ መምህርቷን ኮሪደር ላይ አስቆማት።

«ያቺ ሚጢጢ የሚሏት ልጅ፣ ነገ ከቀረች የቀረችባቸው ቀናት ከተፈቀደው ያልፋሉ። ፈተና አትቀመጥም። ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«ታማ ይሆናላ!»

«ወላጅ አልመጣ፣ የሐኪም ወረቀት የለ። እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ ሄደ።

መምህርቷ እዚያው ቆማ ስልኳን ከፈተች። ሚጢጢ የክፍሉ አጭር ናት፤ ስሙም የወጣላት ለዚያ ነው። አንዳንድ ቀን እንደምትቀር መምህርቷ አይታለች፣ ግን ሌላው ሁሉ በሰዓቱ ሲገባ አንድ ባዶ ቦታ ማን ልብ ይላል? አሁን ጨዋታው ላይ ስሟን ስታይ ግራ ገባት። ሚጢጢ በቀረችባቸው ቀናት ጥያቄዎቹን ከሁሉም ቀድማ መልሳለች። የታመመ ሰው እንዲህ አይሽቀዳደምም።

«ሚጢጢ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ጻፈችላት።

«ደህና ነኝ ቲቸር» የሚል መልስ ወዲያው መጣ።

«ታዲያ ለምን ትቀሪያለሽ?» ይሄኛው ተነበበ፣ መልስ ግን አልመጣም።

የሚጢጢን ቡድን የምትመራው ድምፀ ጎርናና ልጅ ናት፤ ክፍሉ «ጄኔራሏ» ይላታል። መምህርቷ ጠርታ ጠየቀቻት። ጄኔራሏ ጫማዋን እያየች «እኔ ምን አውቃለሁ ቲቸር?» አለች። ጄኔራሏ የማታውቀው ነገር ኖሮ አያውቅም።

ማታ እራት ቀርቦ መምህርቷ ትነሣለች፣ ትቀመጣለች፣ ስልኳን ታያለች፣ ገልብጣ ታስቀምጣለች፣ መልሳ ታነሣለች። እናቷ ሲያዩ ሲያዩ ቆይተው ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ላይ እሾህ አለ እንዴ?»

«እማዬ፣ አንዲት ልጅ ከእጄ ልታመልጠኝ ነው። ስጽፍላት አትመልስልኝም።»

«ታዲያ ስልኩ ላይ ምን ያስፈጥጥሻል? እግር የለሽም?»

ጠዋት እግሯን ይዛ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ልጆች እየተሯሯጡ አለፏት። ሚጢጢ የለችም። ደወሉ ተደወለ። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ይነዝራል፤ ዳይሬክተሩ ነው፣ እንግዶቹ ገብተው ተቀምጠዋል። አላነሣችውም። የልጅቷን ቤት እንኳ የት እንደሆነ አለመጠየቋ ትዝ ብሏት በራሷ ተናደደች፤ ቢሆንም የግቢውን አጥር ተከትላ መሄድ ጀመረች፤ መቆም ስላቃታት ብቻ ነው የሄደችው። ከአጥሩ ጀርባ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ፣ የትምህርት ቤቱ ዋይፋይ አጥር ተሻግሮ የሚደርስበት አንድ ደረጃ አለ። ሚጢጢ እዚያ ተቀምጣለች። ዩኒፎርሟ ተተኩሷል፣ ጸጉሯ ተበጥሯል፣ ቦርሳዋ ጉልበቷ ላይ ነው። ስልኳ በእጇ ነው።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሚጢጢ ተስፈንጥራ ተነሣች። «የዛሬውን ጥያቄ እየጠበቅሁ ነው ቲቸር።»

«አጥሩ ሥር ቁጭ ብለሽ? ለምን አትገቢም?»

«አርፍጃለሁ።»

የሚጢጢ እናት ሆስፒታል ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው። የሌሊት ተራ በደረሳቸው ቀን ታናሽ እህቷን መዋዕለ ሕፃናት የምታደርሰው ሚጢጢ ናት፤ የመዋዕለ ሕፃናቱ በር የሚከፈተው ደግሞ ልክ የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ነው። ሕፃን መንገድ ላይ ጥሎ አይሮጥ ነገር። ድሮም በዚያ ቀን ታረፍድ ነበር፤ ግን «ይቅርታ ቲቸር» ብላ ትገባለች፣ ማንም ዞሮ አያያትም።

«እና ስላረፈድሽ ትቀሪያለሽ?»

«ከገባሁ ልብ ይቀነሳል። ከቀረሁ አይቀነስም።» ሚጢጢ ይህን ያለችው የፊዚክስ ሕግ እንደምታስረዳ ሰው ነው። «አራቱን በወሩ መጀመሪያ ያስጨረስኳቸው እኔ ነኝ። አንዲት ናት የቀረችን።»

መምህርቷ ሳሩን አይታ ገደሉን ሳታይ ቀርታለች። አርፋጅ ሁሉ ቀድሞ መምጣት የለመደ መስሏት ስትደሰት፣ ቀድሞ መምጣት የማይችለው በሩ ላይ ደርሶ እየተመለሰ ነበር። ደንቡን ማንም አላመጣባትም፤ በገዛ እጇ ነው የጻፈችው። አፈረች። ልጅቷን አቅፋ ይቅርታ ልትል ፈለገች፣ ያም ጊዜ የሚፈጅ መሰላት።

«ዛሬ ከቀረሽ ፈተና አትቀመጪም። ታውቂያለሽ?»

አታውቅም ነበር። «ወሩ እኮ ነገ ያልቃል ቲቸር። ከዚያ በኋላ እገባ ነበር።»

«ነይ» አለችና እጇን ይዛ ሮጠች።

ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ያለከልካሉ። እንግዶቹ ከኋላ ተደርድረዋል። ዳይሬክተሩ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ሰዓቱን ያያል። በትልቁ ስክሪን ላይ የእነ ሚጢጢ ቡድን «መብረቅ» አንደኛ ነው፤ ከጎኑ አንዲት ቀይ ልብ አለች። መምህርቷ ገባች። ሚጢጢ የበሩ ደፍ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«አርፍዳለች! ይቀነስ!» አለ ከ«ሮኬት» ቡድን አንዱ። ሁለተኛ የሆኑት እነሱ ናቸው።

«ዝም በሉ! ይህን ደንብ ሰርዤዋለሁ» አለች መምህርቷ።

ይባስ ተንጫጩ። «የእኛስ? የታክሲው ጎማ ሲፈነዳ ተቀንሶብኝ የለ እንዴ?» አለ ልጁ። እውነቱን ነው፤ ያን ቀን አልቅሷል። «እንግዳ ስላለ ነው አይደል? ለመብረቅ ሲሆን ነው አይደል?»

የመምህርቷ ጣት በስልኳ የልብ መቀነሻ ቁልፍ ላይ ቀረ። ብትቀንስ ሚጢጢ በሰው ሁሉ ፊት ቡድኗን የገደለች ልጅ ልትሆን ነው፤ ባትቀንስ ያለቀሰውን ልጅ ዓይኑን እንዴት ታየዋለች? ዳይሬክተሩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«በእንግዳ ፊት ምን ጉድ ነው? ልጅቷ ለጊዜው ውጭ ትቆይ።»

«አትቆይም!»

ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ጄኔራሏ ተነሣች።

«ልቢቱን ይቀንሷት ቲቸር። አትግቢ ያልኳት እኔ ነኝ።» ያ ጎርናና ድምፅ ቀጠነ። «አንዳንድ ቀን ብትቀሪ ምን ትሆኛለሽ አልኳት። ይቀንሷት፣ ሞተን እንረፍ።»

መምህርቷ ተጫነችው። ቀይዋ ልብ ጠፋች፤ «መብረቅ» ግራጫ ሆነ፣ የወሩ ነጥብ እየወረደ ወርዶ ዜሮ ላይ ቆመ። ሮኬቶች መጨብጨብ ረሱ። ሚጢጢ አሁንም ደፉ ላይ ናት፤ የቦርሳዋን ማንገቻ ጨብጣ እንባዋ ይወርዳል።

«ጨረስኳችሁ» አለች። «ልሂድ ቲቸር?»

«ወዴት ነው የምትሄጂው?» አለች ጄኔራሏ ከመምህርቷ ቀድማ፣ ወንበሩ ላይ እየተጠጋችላት። «ከእንግዲህ ምን ሊቀነስብን ነው? ነይ ተቀመጪ።»

ሚጢጢ ገባች።